ጋሩማ የቀበረው ቱቦ

ጋሩማ የአራዊት ግቢውን በር ሲገባ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ በር አላለፈም። ዛሬ የመጣው ተለምኖ ነው፤ ለዚያውም የጥገና ኃላፊው ጂሩ ራሱ ባጃጅ ይዞ ቡርቃ ጃቶ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለምኖት።

ያባረረውም ይኸው ጂሩ ነበር። ያኔ የድኩላዎቹ ግንብ ተንዶ አንዲት እርጉዝ ድኩላ ገደለ። "ሲሚንቶ ቀንስ፣ አሸዋ ጨምር" ብሎ ያዘዘው ጂሩ ነው። አጣሪዎች ሲመጡ ግን "ግንበኛው ነው ያበላሸው" አለ። ጋሩማ ቢናገርም የሚሰማው አጣ። ከዚያ ወዲህ ነቀምቴ ውስጥ ግንብ ሥራልኝ ያለው ሰው የለም። ሲሬ ድረስ ሄዶ ሥራ ቢጠይቅ እንኳ "አንተ ያ ድኩላ ገዳዩ አይደለህም?" ብለው ስቀውበታል።

ጋሩማ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጂሩ በሠራተኞቹ ፊት እውነቱን እንዲናገር።

አሁን የፍሳሽ ቱቦው ተደፍኖ ውኃው ወደ ጃርቶቹ ቤት እየገፋ ነው። አንዷ ጃርት ከወለደች ሦስት ቀኗ ነው፤ እሾኋን አቁማ ማንንም አታስጠጋም። ግቢው ሲሠራ ፕላን የሚባል ነገር አልነበረም። ቱቦው በየት እንደሚያልፍ የሚያውቀው የቀበረው ጋሩማ ብቻ ነው።

"እዚህ ጋ ነው" አለ ጋሩማ፣ ጭቃውን በተረከዙ እየመታ። "ግን ኦቦ ጂሩ፣ ራስዎ ይቆፍሩ። እኔ ከነካሁት ነገ ደግሞ ጋሩማ አበላሸው ይባላል።"

ሠራተኞቹ ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑ። ጂሩ ጃኬቱን አውልቆ ዶማውን አነሣ። እስከ ጉልበቱ ቆፈረ። ቱቦ የለም።

"እንግዲህ ሁለት ዓመት ብዙ ነው፤ ይረሳል። እስቲ ከዛፉ ሥር ይሞክሩ።"

ከዛፉ ሥርም የለም። ሦስተኛው ጉድጓድ እስከ ወገቡ ዋጠው፤ መዳፉ ተልጦ የዶማውን እጀታ ደም ነካው። ጋሩማ ጣሪያ ሥር ባልዲ ገልብጦ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

ጠራጊዋ ዘርፈሽ ጠጋ አለችው። "አንተ፣ እውነት ረስተኸው ነው?"

"ይቆፍር፣ አዴ ዘርፈሽ።"

"ውኃው ጃርቷ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ነው የቀረው። እሷ ምን አደረገችህ?"

ጋሩማ ዞሮ ወደ ጃርቶቹ ቤት አየ። የያዘውን ቆሎ ኪሱ ከተተ።

ጂሩ ዶማውን ጥሎ ቀና አለ። አሁን ገባው። "ምንድነው የምትፈልገው?"

"ያውቁታል።"

ጂሩ ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እሺ፣ እኔ ነኝ" አለ።

"ዝናቡ አያሰማም፣ ኦቦ።"

"እኔ ነኝ አልኩህ እኮ!"

"ምኑን ነው እርስዎ?"

"ሲሚንቶውን ቀንስ ያልኩት እኔ ነኝ! ግንቡ የተናደው በእኔ ነው! ጋሩማ ምንም አላጠፋም!"

ጩኸቱ ጉሬዛዎቹን ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ አዘለላቸው። "ጉድ!" አለ ዘበኛው ደረሳ።

ጋሩማ ተነሣ። ከጃርቶቹ ቤት ጀርባ ሄዶ ሣሩን በእግሩ ገለጠና የሲሚንቶ ክዳን አነሣ። ክንዱን እስከ ትከሻው ሰዶ አንድ እቅፍ የበሰበሰ ቅጠልና ፌስታል ጎተተ። ውኃው እየተንዶቀዶቀ መውረድ ጀመረ። ዘርፈሽ ወደ ጃርቷ ሮጣ አጎንብሳ አየችና "ደህና ናቸው!" ብላ ጮኸች።

ጂሩ ጉድጓዱ ውስጥ እንደቆመ ነው። "ታውቅ ነበር?"

"የቀበርኩት እኔ አይደለሁ?"

ጋሩማ እጁን በሣር ጠረገ። ይህን ቀን ሲያስብ ልቡ የሚያርፍ መስሎት ነበር። አላረፈም።

"አሁን ይድፈኗቸው" አለ። "ሦስቱንም። ሰው ይገባባቸዋል።"

ደረሳ ሊያግዝ አካፋ ሲያነሣ ጋሩማ "ራሱ ይድፈናቸው" ብሎ ክንዱን ይዞ መለሰው። ከዚያ ባልዲውን እየጎተተ ሄዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ፣ ዝናቡ ውስጥ፣ ተቀመጠ።