ላማር ይሂድ፣ አይሂድ

የሆሊስ ድምፅ ከራዲዮኑ ሲወጣ ዊላዲን ማንኪያዋን የአጃው ገንፎ ውስጥ እንደሰካች ቀረች። ስሙን ሳይናገር ነው ያወቀችው። ከሃያ ዓመት በላይ አንድ አልጋ ላይ አብሯት ያደረ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ የማታውቅ ሴት ካለች ደንቆሮ ናት።

«ሆሊስ ነኝ፣ ከወንዙ ማዶ» አለ፣ የቶሊዶ ከተማ በሙሉ እሱን ሲጠብቅ ያደረ ይመስል።

ያን ቀን ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንጥረኞቹ፣ ማለት የከተማው የቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ከገና ወዲህ እየተሸነፉ ከሁሉም በታች ተኝተዋል። አሁን ደግሞ ላማር ፔቲን ለአንድ የምዕራብ ቡድን ሰጥተው በምትኩ አንድ ረጅም ወጣት ሊቀበሉ ነው ተባለ። የተጫዋች ልውውጡ ጊዜ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። ላማር ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ማሊያ ለብሶ አያውቅም። ይሂድ የሚለውም አይሂድ የሚለውም ከጠዋት ጀምሮ እየደወለ ይጮኻል።

የራዲዮው አዘጋጅ አፉ የማያርፍ ጎረምሳ ነው። «አባባ ሆሊስ፣ እውነቱን እንነጋገር፤ የላማር ጉልበት ከእርስዎ ጉልበት በምን ይሻላል?» አለው።

«የኔ ጉልበት ገና ደረጃ ይወጣል። መለወጥስ ያለበት ያንተ ምላስ ነው» አለ ሆሊስ። ጎረምሳው ስቆ ሲያበቃ፣ ሆሊስ ቀስ ብሎ ቀጠለ። «ላማርን ከሰጡት ዛሬ ማታ ጨዋታው ላይ መጥቼ እሰናበተዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እዚያ አዳራሽ አልደርስም። ወንበሬን ለፈለጉት ይስጡት።»

ዊላዲን ራዲዮኑን ዝቅ አደረገችው፤ መልሳ ከፍ አደረገችው። ሆሊስ ግን ተሰናብቶ ሄዷል፤ የጎማ ማስታወቂያ ነው የሚጮኸው።

ሲፋቱ ቤቱ ተሸጠ። ውሻው ከእሱ ጋር ሄደ፣ ዕቃው ወደ እሷ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ለዓመቱ ጨዋታ ሁሉ የሚከፍሉባቸውን ሁለት ወንበሮች ግን ሁለቱም አንለቅም አሉ። ጠበቃው ሳቀባቸው፤ ዳኛው አልሳቀም፣ አንድ አንድ አካፈላቸው። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ኳስ ያያሉ። የሚያወሩት ስለ ኳስ ብቻ ነው። ዓይኗን መታከሟን ያወቀው አሁን ኳሱ ሁለት ሆኖ አይታየኝም ስትለው ነው። እህቱ መሞቷን የነገራት በእረፍት ሰዓት ነው፤ እሷም እጇን እጁ ላይ አድርጋ፣ ጨዋታው ሲጀመር አነሳች። ሰው ይህን ኑሮ አይለው ይሆናል። ጨዋታ በሌለበት ሳምንት ግን ዊላዲን አፏን የምትከፍተው ለሰፈሩ ሱቅ ገንዘብ ተቀባይ ብቻ ነበር፤ ያውም «ከረጢት አልፈልግም» ለማለት።

ስልኩን አነሳች። ጠብቂ አሏት፣ ጠበቀች። የፍራሽ ማስታወቂያ አለፈ፣ የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያ አለፈ። የምትለውን አዘጋጅታለች፤ «ላማር ይቅር፣ ያሳደገው ቡድን ይጡረውና በክብር ይውጣ» ልትል ነው። ውሸት ነው። ግን ቡድኑ ብዙ ሰው ከጮኸበት ይፈራ ይሆናል፤ ከፈራ ላማር ይቀራል፤ ላማር ከቀረ ሆሊስ ይመጣል። በዚህ ዕድሜዋ ለአንድ ወንበር ብላ መዋሸቷ አናደዳት፤ ቢሆንም ስልኩን አልዘጋችም።

«እማማ፣ አየር ላይ ነዎት። ይሂድ ወይስ ይቅር?»

«ይሂድ» አለች።

ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። አንዴ ከወጣ ደግሞ ማን ያቆመዋል። ላማር ወደ ግራ መዞር ካቆመ መቆየቱን ተናገረች፤ ወጣቶቹ እሱን ላለማሳፈር ሲሉ ሩጫቸውን እንደሚቀንሱ፣ ይህን የማያይ ሰው ዓይኑን ሳይሆን ልቡን ይዞ እንደሚመጣ ተናገረች። በመጨረሻም «ልጁ አልቆለታል። አልቆለታል ማለት ስድብ አይደለም» አለች።

ጎረምሳው «እማማ፣ እርስዎስ ድንጋይ ነዎት» አለና ወደ ሌላ ሰው ተሻገረ። ገንፎው ደርቆ ነበር። እንደዚያው በላችው።

ከሰዓት በኋላ የደጃፏን በረዶ ስትጠርግ በመስኮቱ በኩል ሰማች። ላማር ሄደ። አንድ ሰው ራዲዮ ላይ ያለቅስ ነበር፤ ትልቅ ሰው፣ የጭነት መኪና ነጂ። ዊላዲን ደጃፏን ጨርሳ የጎረቤቷንም ጠረገች።

መቅረት ትችል ነበር። ማታ ግን የክት ካፖርቷን ለብሳ አውቶቡስ ያዘች። አዳራሹ በር ላይ ትኬት የምታየው ቬርና ገና ከሩቅ ጀመረቻት። «በራዲዮ ሰማሁሽ፣ ዊላ። አንቺ መንግሥተ ሰማያት ደጅ ላይ ብትቆሚም ጴጥሮስን ሳትሰድቢ አትገቢም።»

«ጺሙን ካላበጠረ እነግረዋለሁ» አለች ዊላዲን። ሆሊስ ገብቶ እንደሆነ ልትጠይቃት ፈልጋ፣ ስለ መንገዱ በረዶ ጠየቀቻት።

ገብቷል። ከሹራቡ ላይ የላማርን ማሊያ ደርቦ፣ ካፖርቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እስከ መጨረሻው ረድፍ ባዶ የሆነውን የማዶውን ወገን ያያል። የእሷ ወንበር መተላለፊያው ዳር ነው፤ ተቀመጠች። ተጫዋቾቹ ሰውነታቸውን እያሟሟቁ ነው። በላማር ቦታ የሚሮጠው ከመከር ጀምሮ ከተቀያሪዎቹ ጋር ተቀምጦ የከረመ ኮስማና ልጅ ነው፤ የጫማውን ክር ሦስቴ ፈትቶ ሦስቴ አሰረ።

«ሰማሁሽ» አለ ሆሊስ፣ ዓይኑን ከሜዳው ሳይነቅል።

«ከሰማህ እውነት ነው የተናገርኩት።»

«ውሸት ነው አላልኩም።» ማሊያውን ወደ ታች ሳብ አደረገ። «አልቆለታል ማለት ላንቺ ይቀልሻል፣ ዊላ። እኔንም ወጥ ቤት ቆመሽ እንደዚሁ ነው ያልሽኝ። ድምፅሽ እንኳ አልተለወጠም።»

ከመፋታታቸው በፊት የነበረው ክረምት መጣባት። ሆሊስ የሚሠራበት የመስታወት ፋብሪካ ተዘግቶ፣ እሱ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ፣ ጥርሱን ሳይፍቅ፣ በረዶ ለመጥረግ እንኳ ደጅ ሳይወጣ። እሷም ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ «አልቆልሃል፣ ሆሊስ» አለችው። ያኔ እውነት መስሏት ነበር። እውነት በመናገሯም ኮርታ ነበር። እሱ ግን በጸደይ ወራት ሥራ አገኘ፤ ሌላ ቤት ሆኖ።

መብራቱ ጠፋ። የላማር ምስል ትልቁ ሰሌዳ ላይ ወጣ፣ ፀጉሩ ገና ሙሉ ሳለ የተነሳው። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። ዊላዲንም ተነስታ አጨበጨበች፤ ማንም ልብ አላላትም። መብራቱ ሲመለስ ሰው ሁሉ ተቀመጠ፣ እሷም ተቀመጠች። ሆሊስ አልተቀመጠም። ካፖርቱን አንስቶ አንድ እጁን አስገባ።

«በይ፣ አሳልፊኝ።»

ከሆሊስ ወዲያ በዚያው ረድፍ ምግባቸውን ጭናቸው ላይ የዘረጉ ቤተሰቦች ሞልተዋል። መውጫው በእሷ በኩል ብቻ ነው። «አትሂድ» የሚለው ቃል አፏ ውስጥ ነበር፤ አጭር ቃል ነው፣ ሕፃን ይለዋል። ምላሷ ግን እንዲህ ያለ ነገር ተናግሮ አያውቅም። ፊሽካው ተነፋ፣ ኳሱ ወደ ላይ ተወረወረ።

«ስለ ላማር አልተሳሳትኩም» አለች።

ሆሊስ ባለበት ቆመ። ሌላው እጅጌ ከጀርባው ተንጠልጥሏል። ስለ ማን እንደተሳሳተች አልጠየቃትም። እታች ኳሱ ኮስማናው ልጅ እጅ ገባ፤ ልጁ ለቅብብል ሰው ፈለገ፣ አጣ፣ ወደ ግራ ዞረ።

«አባባ!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ። «ወይ ይቀመጡ ወይ ይውጡ። የከፈልነው የእርስዎን ጀርባ ለማየት አይደለም።»

ሆሊስ አልተቀመጠም፤ አልወጣምም። ዓይኑ ከልጁ ጋር ወደ ግራ ሄዷል። ዊላዲን ሜዳውን እያየች እግሯን መውጫው ላይ ዘርግታ፣ ሳትሰበስብ ቆየች።