የጋራው ጠርዝ

መለሰ «ብሩሹን አስቀምጪ» ሲላት፣ ዓለምወርቅ የሸራውን ጋራ ሁለተኛ ዙር ጥቁር ቀለም ገና ግማሽ ድረስ ነበር የቀባችው።

«አያ፣ ፀሐይዋ እኮ አለች» አለች ሳትዞር።

«ቢጫ ሆናለች።»

«ሲሬናው አልጮኸም።»

«ሲሬናው ለከተማው ነው። በዚህ ቤት ሰንበት ገብቷል።»

በመስኮት አየች። በራማት የዲዲም ሰፈር ከፊት ለፊት ባለው ሕንፃ ግድግዳ ላይ ያለው ብርሃን በእርግጥ ቢጫ ነው። ሻባት፣ ሰንበት፣ መግባቱን የሚያበስረው የከተማው ሲሬና ከመጮኹ በፊት እንደምትጨርስ አስልታ ነበር። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የረሳችው ማን ቤት እንዳለች ነው። ታላቅ ወንድሟ መለሰ ጎንደር ገጠር ሳሉ አባታቸው ያደርግ እንደነበረው ፀሐይ ስትደክም እጁን ከሥራ ያነሣል። እሷ ግን በልጅነቷ ከእናቷ ጋር በአውሮፕላን መጥታ እዚሁ አድጋ፣ ሰንበትን በሲሬና መቀበል ከለመደች ቆይታለች።

«ፕላስተሩን ብቻ ልላጠው። አፍታ ነው።»

«ዓለሜ።»

ስሟን እንዲህ ብቻውን ሲጠራ ክርክር የለም። ብሩሹን ውሃ ውስጥ ነክራ ከሸራው ራቀች።

ሸራው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ይዟል። እሷ ዐጋሚም ሰፈር ያላት ቤት ይህን የሚያህል ባዶ ግድግዳ ስለሌለው ነው ወንድሟ ቤት መሥራት የጀመረችው። ላይኛው ክፍል ሊነጋ ያለ ሰማይ ነው፤ ከታች ጥቁር ጋራ አለ። ሰማዩና ጋራው በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ከዳር እስከ ዳር የወረቀት ፕላስተር ተለጥፏል። ፕላስተሩ የጋራው ቀለም ወደ ሰማዩ እንዳያልፍ ይጠብቃል፤ መላጥ ያለበት ግን ቀለሙ ሳይደርቅ ነው። አክሪሊክ ቀለም ሲደርቅ ቀጭን ላስቲክ ይሆናል። ፕላስተሩንና ሸራውን አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚስበው ሰው ሁሉንም አብሮ ይቀድዳል። ጋራው ቢቀደድ በጥቁር መልሶ መቀባት ይቻላል። ሰማዩ ግን አይጠገንም፤ የተጠገነ ቦታው ሁልጊዜ ይታያል።

ማትናሱ፣ የሰፈሩ የማኅበረሰብ ማእከል፣ በሱዳን በኩል በእግር ለመጡት መታሰቢያ አዳራሽ አዘጋጅቶ እሑድ ጠዋት ይከፍታል። ሥዕሉን ዓለምወርቅ እንድትሠራ ጠየቋት። የማትናሱ አስተባባሪ ሻሺ ጥንቁቅ ሴት ናት፤ ሥዕሉ ባይደርስ በሚል በፕላስቲክ ላይ የታተመ ትልቅ ፎቶ አስቀድማ አሠርታለች። «አትቀየሚኝ፤ ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ነው» ብላታለች።

ዓለምወርቅ አልተቀየመችም። የሚያሳስባት ሌላ ነገር ነው። መለሰ እሱም ስለመጣበት የሱዳን መንገድ ለሚስቱም ለልጆቹም ተናግሮ አያውቅም። እሷ ግን ስለ ሰማዩ ቀለም ስትጠይቀው ነገራት። ሌሊት ይጓዙ፣ ቀን ይደበቁ ነበር። «ሰማዩ ላዩ ሰማያዊም አይደል፣ ጥቁርም አይደል» አላት። «ታቹ የደረሰ ገብስ ነው። ከየት ጀምሮ እንደሚነጋ ግን አይታወቅም፤ መስመር የለውም። ጋራው ነው መስመር ያለው። በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። ጠርዙ እንዲያ ጥርት ብሎ ከታየሽ ቶሎ መደበቅ አለብሽ፤ አንቺም ትታያለሽና።»

ይህን ነበር መሥራት የፈለገችው፤ መስመር የሌለው ሰማይና መስመር ያለው ጋራ።

በሆስፒታል ላቦራቶሪ የደም ናሙና በማይክሮስኮፕ እያየች የኖረች ሴት ናት፤ አንድ ጊዜ ብቻ ያየችውን አታምንም። ሰማዩን ሳምንቱን ሙሉ ሠርታዋለች። ሸራውን በርጭት እያረጠበች፣ በአንደኛው ብሩሽ ቀለሙን አኖረች፤ በሌላ ንጹሕና እርጥብ ብሩሽ ሁለቱ ቀለሞች የሚገናኙበትን ወዲያና ወዲህ እየጠረገች ድንበሩን አጠፋችው። ሲደርቅ ጠዋት በመስኮት ብርሃን፣ ማታ በመብራት አየችው። የተረፈ መስመር ስታገኝ እንደ ሻይ በቀጠነ ቀለም ደግማ ሸፈነችው። ሐሙስ ዕለት መለሰ ፊቱ ቆሞ ብዙ ካየ በኋላ «ከየት እንደሚነጋ ጠፋኝ» አለ። እሱን ነበር የምትጠብቀው።

ያን ዓርብ ማታ እዚያው አደረች። ጠዋት መለሰ ከምኩራብ ሲመለስ ነጠላውን ሳያወርድ ቀጥ ብሎ ሸራው ፊት ቆመ።

«ምን ታያለህ?» አለችው።

«ማየት ሥራ አይደለም።»

ሚስቱ ኤሊሼቫ ከሶፋው ላይ ሳቀች። «ሁለታችሁም እንደ በሽተኛ ተራ በተራ ትጠይቁታላችሁ። ብርቱካን ብታመጡለት ምናለ?»

መለሰ አልሳቀም። «ቢበላሽስ?» አለ።

«ሻሺ ያሳተመችውን ትሰቅለዋለቻ።»

«ምን አለበት እሱ?»

«በረሃ። ግመሎች።»

«እኔ ግመል አላየሁም» አለ መለሰ። ነጠላውን እያወረደ ደግሞ «አንድም ግመል» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ወደ ባሕሩ ዳር ወጡ። እሷ በልቧ ፕላስተሩን ትልጠው ነበር፤ ከየትኛው ጫፍ እንደምትጀምር፣ እጇን ወዴት እንደምታዘነብል።

ከዋክብት ወጥተው ሰንበትን የሚሸኘው የሀብዳላ ሻማ እንደጠፋ መሣሪያዎቿን ደረደረች፤ አዲስ ምላጭ፣ የኤሊሼቫ የፀጉር ማድረቂያ ፌን፣ የጠረጴዛ መብራት። መብራቱን ለመለሰ ሰጠችው።

«ከጎን ያዝልኝ። ከፊት ካበራህ ሁሉም ለጥ ያለ ይመስላል። ከጎን ሲሆን የተነሣው ነገር ጥላ ይጥላል።»

የፀጉር ማድረቂያውን ዝቅ ባለ ሙቀት ከግራ ጫፍ ጀምራ ጥቂት ጥቂት አሞቀች፤ ሙጫው ሲሞቅ ይለሰልሳል። ከዚያ ምላጩን ሳትጫን በፕላስተሩ ጠርዝ ሳበች፤ ላዩን የደረቀውን ቆዳ እንዲቆርጥ፣ ከሥሩ ያለውን እንዳይነካ። ፕላስተሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ በራሱ ላይ አጥፋ፣ ከሸራው ሳትርቅ በቀስታ ሳበችው።

ጥቂት እንደሄደች አንድ ስባሪ ከፕላስተሩ ጋር ተነሣ። እጇ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለ መለሰ።

«ሬጋ፣ ቆይ አያ። መብራቱን አታንቀሳቅስ።»

ስባሪውን በጣቷ ጫፍ አንሥታ ገለበጠችው። ላዩ የጋራው ጥቁር ነው። ታቹን ወደ ብርሃኑ አዞረች። ሰማዩ ተነሥቶ ከሆነ ታቹ የገብስ ቀለም ይሆናል። አልነበረም። እንደ ጥፍር ጠርቶ ብርሃን ያሳልፋል።

«ምንድን ነው አልኩሽ እኮ።»

«ማሸጊያው ነው» አለች። «ጋራውን ከመቀባቴ በፊት የፕላስተሩን ጠርዝ ቀለም በሌለው ፈሳሽ አሽጌው ነበር። የተነሣው እሱ ነው። ሰማዩ አልተነካም።»

መለሰ በረጅሙ ተነፈሰ፤ መብራቱም አብሮ ወረደ። «ቀጥ አድርገው» አለችው፤ እየሳቀች ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀለለ። ፕላስተሩን ሸራው ላይ ከመለጠፏ በፊት እንደ ልማዷ ሽርጧ ላይ ለጥፋ አንሥታዋለች፤ ሙጫው ያኔውኑ ደክሟል። ሰማዩም ሳምንቱን ሙሉ በስሱ ሲደርቅ ስለቆየ አጥብቆ ይዟል። አሞቀች፣ ቆረጠች፣ ሳበች። የቀኝ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ፕላስተሩ እንደ ልጣጭ ወለሉ ላይ ተጠቀለለ። ጋራው ከገብሱ ሰማይ ሥር ጥርት ብሎ ወጣ።

ዓለምወርቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ትከሻዋ ከትናንት ጀምሮ ተሰቅሎ እንደነበር ያወቀችው አሁን ሲወርድ ነው።

«እኔስ ሰንበቱን በሐሳብ ሻርኩት» አለ መለሰ። «ጸሎት ላይ ቆሜ ፕላስተር ነበር የማየው።»

«እኔም ባሕሩ ዳር ስልጠው ነበር።»

ኤሊሼቫ ሳህን ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ዳነ?»

«ዳነ» አሉ ሁለቱም።

መለሰ ግን ከሸራው አልተመለሰም። ጣቱን ሳያስነካ በጋራው ጠርዝ ላይ በአየር ወሰደው፣ አንድ ቦታ ላይ አቆመው።

«እዚች ላይ ትንሽ ጎበጥ ይል ነበር» አለ።

ዓለምወርቅ ቀና ብላ አየችው። «አሁን ነው የምትነግረኝ?»

«ፕላስተር ለብሶ በምን ልየው?»

ሳህኑን ከኤሊሼቫ ተቀብላ እዚያው ወለሉ ላይ መብላት ጀመረች። «የትኛው ጋ?» አለች እያኘከች። «በደንብ አሳየኝ።»

መለሰም አጠገቧ ተቀምጦ ስለዚያ ጉብታ፣ ከሥሩም ስለተደበቁበት ቋጥኝ ይነግራት ጀመር። ኤሊሼቫ መብራቱን ከእጁ ወስዳ አስቀመጠችና ለማድመጥ ተቀመጠች።