የመርዶ ሽርሽር

ያንን ቦታ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ማንም እንዳያመሰግነኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው የብርድ ወቅት፣ እዚህ አሜሪካ ሾርላይን ከተማ ውስጥ፣ ለዕድራችን አባል ለፊሊጶስ የአባቱን መርዶ ስንነግረው ነው። እንደ ወጉ ማለዳ ተሰብስበን ሄድን፤ እሱ ጮኸ፣ እኛም ጮኽን። ጎረቤቱ ሰው እየተገደለ መስሎት ፖሊስ ጠራ። ነጠላችንን እንዳጣፋን ኮሪደሩ ላይ እጃችንን ሰቅለን ቆምን። ሐዘንተኛውን «ማን ነው የመታህ?» እያሉ ይጠይቁታል!

ከዚያ ወዲህ የዕድሩ ኮሚቴ በሹክሹክታ ወሰነ፤ መርዶ አፓርትመንት ውስጥ አይነገርም። ቦታ ፈልጊ የተባልኩት እኔ ሽቱ ነኝ፣ ዋይት ሴንተር ሰፈር በርበሬና ሽሮ የምሸጠው። ከከተማ ያልራቀ፣ ሰው የማይበዛበት፣ ጩኸት ቢጮህ ማንም የማይሰማበት ይሁን አሉኝ። ቤት ኪራይ የሚፈልጉ ነው የሚመስሉት።

ከኖርዝ ቤንድ ከተማ ወዲያ አንድ ወንዝ ዳር አገኘሁ። ከፌደራል ዌይ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ተራራው እስከ አናቱ ጥድ ለብሷል፣ ድንጋዩ እንኳ አረንጓዴ ነው። ወንዙ ከቋጥኝ ቋጥኝ እየተላተመ ስለሚወርድ፣ አጠገብሽ የቆመ ሰው ካልጮኸ አይሰማሽም። ስልክም አይሠራም። ቆንጆ መሆኑ አናደደኝ። እንዲህ ያለ አገር አፍንጫችን ሥር ተቀምጦ፣ እኛ የምንመጣው ለሞት!

የመጀመሪያዋ ባለተራ ኣዝመራ ሆነች። ፌደራል ዌይ ብቻዋን ትኖራለች፤ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታበላለች። አዳማ ሁለት ሰው ነበራት፤ አልጋ የያዙ እናቷና ሴት ልጇ መቅሊት። የመቅሊት ቪዛ ተፈቅዶ ትኬት እየተፈለገ ነበር። ቅዳሜ ዕለት መቅሊት የተሳፈረችበት ሚኒባስ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጨ። ዘመዶቿ ለኣዝመራ ሳይሆን ለዕድሩ ሰብሳቢ ለጋሼ መልከጸዴቅ ደወሉ። ከፌስቡክ እንዳትሰማው ቶሎ መድረስ ነበረብን።

ሰኞ ዕረፍቷ ነው። «ሽርሽር እንሂድ» ብለን ወሰድናት፤ እኔ፣ ጋሼ መልከጸዴቅና መኪናውን የምትነዳው ጓደኛችን ሐምዲያ። መንገድ ላይ የኣዝመራ ስልክ በጮኸ ቁጥር ሐምዲያ ነዳጅ ትሰጣለች። ኣዝመራ ግን ዓይኗን ከመስኮቱ አልነቀለችም።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ከአይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ሌላ አሜሪካ ያለ አልመሰለኝም እኮ!» አለች። «ሽቱዬ፣ እንዴት አገኘሽው?»

«ፈልጌ» አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ሐምዲያ ፓርክ ከማድረጓ ኣዝመራ ጫማዋን አውልቃ ውኃው ውስጥ ገባች። ቅዝቃዜው ሲነካት እንደ ልጅ ሳቀች። ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረች። «መቅሊት፣ እይልኝ! ስትመጪ ከኤርፖርት ቀጥታ እዚህ ነው የማመጣሽ፣ ኦኬ?»

ጋሼ መልከጸዴቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ስንቱን መርዶ የነገሩ ሰው፣ ያን ዕለት አፋቸው አልላቀቅ አለ። በዓይኔ ብገፋቸው፣ ብገፋቸው፣ ወንዙን ያያሉ።

«ሶ፣ ምሳ አንበላም እንዴ?» አለች ኣዝመራ ወደ መኪናው እየሄደች። «እናንተ ተቀመጡ፣ እኔ አወጣዋለሁ።»

ምሳ! ሽርሽር ብለን ስንዋሽ፣ ቁራሽ ዳቦ ለመያዝ ያሰበ አልነበረም። በእኛ ልማድ ምግብ ለሐዘንተኛ የሚመጣው ከመርዶው በኋላ ነው። ልከለክላት ስነሳ የመኪናውን ኋላ ከፍታዋለች። አንድ ካርቶን ውኃ፣ ጥቁር ሻሽ፣ የታጠፈ ጥቁር ነጠላ። ከዚያ ሌላ ምንም የለም።

ሻሹን አነሳችው። ከእኛ ጋር ስንት መርዶ የሄደች ሴት ናት፤ ማንም አላስረዳትም።

«እማዬ ናት አይደል?» አለች። ዕንባዋ ወረደ፣ ግን አልጮኸችም። ሻሹን ራሷ አሰረችው። «አውቄዋለሁ እኮ። አረፈች፤ ስንት ተሠቃየች። ጋሼ፣ አንቱ ለምን ያለቅሳሉ? አይዞዎት።»

ታጽናናን ጀመር። ሐምዲያ ፊቷን አዞረች። እኔ ደግሞ መሬቱ ተከፍቶ በዋጠኝ አልኩ።

ከዚያ ድንገት ኪሷን ዳበሰች። «ልጄ! ልጄ እኮ ሬሳ ይዛ ብቻዋን ናት! ኮል ላድርግላት።» ስልኩን ወደ ላይ ዘርግታ፣ በባዶ እግሯ ድንጋዩ ላይ ወዲያ ወዲህ አለች። «ሲግናል የለም! ሐምዲያ፣ ሲግናል ወዳለበት ውሰጂኝ!»

ጋሼን አየኋቸው። ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተቀምጠዋል። ሄጄ ስልኩን ከነእጇ ያዝኩት።

«ኣዝመራዬ» አልኳት፣ «መቅሊት ናት።»

«ምን?» አለች፣ ጆሮዋን ወደ አፌ እያስጠጋች። ወንዙ ነው፤ እኔ የመረጥኩት ወንዝ። «አይሰማም፣ ሽቱዬ፣ ጮክ በይ!»

ጮክ ብዬ ነገርኳት።