የጸሎት ርዕስ

ዓለም ገና ፋብሪካው በር ላይ ምሳ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ከደቡብ የመጡ ሠራተኞች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከእኔው ጋር አንድ ቸርች የሚያመልኩ። ባለፈው እሁድ ዘማሪዋ ጣቢታ ማይክ ይዛ ተነሳችና፣ «የጸሎት ርዕስ አለኝ። እህት ተረፈችን በሳንባ ነቀርሳዋ እናስባት» አለች። ጉባኤው ሁሉ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ። ሰኞ ድስቴ እንደሞላ ዋለ።

ጣቢታ ጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል ነው የምትሠራው። ካርዱ ወረቀት መሆኑ ቀርቶ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ለደም ግፊቴ መድኃኒት ሄጄ ስሜን ስትጽፍ የድሮው ሁሉ ተዘረገፈላት። ነቀርሳው እኮ የዳንኩት ነው! ኪኒኑን ሳላቋርጥ ጨርሼ፣ ነጻ ነሽ ተብዬ።

ማክሰኞ ሄድኩባት። መስኮቱን ስደበድብ ኃላፊው ኤርምያስ ወጣ።

«እትዬ፣ ይረጋጉ። ሲስተሙ ለእርስዎው ጥቅም ነው። ሐኪሙ የቀድሞ ሕመምዎን ካላወቀ የማይስማማ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል።»

«ሐኪሙ ይወቅ! ለዘማሪዋ ይነገር ያልኩት መቼ ነው?»

«ማን እንደከፈተው ኮምፒውተሩ ይመዘግባል።»

«ቤቴ ከተዘረፈ በኋላ የሌባ ስም ምን ያደርግልኛል?»

የጣቢታ እንባ መጣ። «በፍቅር ነው እኮ፣ እህት ተረፈች። ጌታ ያውቃል።»

«ጌታማ ድሮም ያውቃል። የማያውቀው ሠፈሩ ነበር። በይ፣ ታችኛውን አንብቢ።»

ወደ ስክሪኑ ዞረች። «ሕክምናዋን ጨርሳ… ድናለች» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ያን ዕለት ዓይንሽ እዚህ ሳይደርስ ደከመው?»

«እሁድ ተነስቼ እናገራለሁ።»

«ደግሞ ማይክ ትያዢና! ወሬሽን አልፈልግም። ነገ በምሳ ሰዓት ነይና ሰው እያየሽ ከእኔ ድስት ብይ።»

እሺ አለች። መጣችም። ሠራተኞቹ ማዶ ሱቁ ጋ ደረቅ ዳቦ እየገመጡ ያዩናል። ቆጮ በጎመን አቀረብኩላት። አየችው፤ እጇን ግን ከጭኗ አላነሳችም።

«ታጠቢ እንጂ።»

«እህት ተረፈች… ለካ ዛሬ ጾም ጸሎት ይዣለሁ።»

«ስለ ምን?»

«ስለ እርስዎ።»

ማዶ አንዱ ሲስቅ ሰማሁ። ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩና ፊት ለፊቷ ተቀምጬ እስኪያልቅ በላሁ።

ከዚያ ወዲህ ግፊቴን አላስለካሁም። ከፈለገ ጣሪያ ይንካ፤ እዚያ መስኮት ላይ ስሜን አልናገርም።