የፈታሿ አዎንታ

በመምህሩ ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በቡድን የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ እሱ የጠራው አንዱ ያስረዳል፤ ማርኩ ግን የሁሉም ነው። ሮቤራ ይናገራል፣ ሐዊ ትተይባለች፣ ከጎጃም መጥታ ነቀምት የተመደበችው ዝማሬ ደግሞ ስህተት ትፈትሻለች። ሮቤራ በኦሮምኛም በአማርኛም «ጋሪዳ? ልክ ነው?» ባለ ቁጥር፣ ዝማሬ ደነዝ እንዳይሏት ፈርታ ምኑም ሳይገባት በአዎንታ ራሷን ትነቀንቃለች።

«ዝማሬ፣ ነይ አስረጂ!» አለ መምህሩ።

ተነስታ ወደ ፊት ወጣች። ስክሪኑ ላይ ያሉት መስመሮች ተተራመሱባት። በእኔ ጦስ ሊወድቁ ነው ብላ አሰበች።

«አልገባኝም» አለች በመጨረሻ። «ሐዊ ታስረዳ፤ እሷ ናት የጻፈችው።»

የሐዊ ፊት አመድ መሰለ። «እኔ ሮቤራ ያለኝን ነው የተየብኩት።»

ሮቤራ ዓይኑን ከወለሉ አላነሳም። «እኔማ በግምት ነበር የምናገረው» አለ፤ «ዝማሬ ራሷን ስትነቀንቅ ጊዜ ልክ ነው ብዬ።»