ሁለት ብልቃጥ

ካሚላ ከተቀበረች ወዲህ ባሉት ሁለት ቀናት አምስት ጊዜ ሞታለች። መሳለሚያ ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ አንዷ ለቀስተኛ በሰው ዓይን ገደለቻት፣ ሌላዋ በምች፣ ሦስተኛዋ በቀናችባት ጓደኛ። ድንኳኑ የቀበሌ ነው፤ «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» የሚለው ጽሑፉ ስላልለቀቀ፣ አልቃሹን ሁሉ ከዘመቻ የቀረ ያስመስለዋል።

እናቷ ጠሂራ ትሰማለች። ልጇ በምን እንደሞተች ታውቃለች።

ካሚላ በዘጠኝ ዓመቷ ጉሮሮዋን ሲያማት እንጥሏን አስቆረጧትና «ተገላገልን» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቷ አበጠ፤ ቀጥሎ ልቧ ታመመ። ሐኪሙ ልቧን የጎዳው ያው የጉሮሮ ሕመም እንደሆነ፣ ዳግም እንዳይነሳባት በየወሩ ፔኒሲሊን መወጋት እንዳለባት ተናገረ። ስምንት ዓመት አንድም ወር ሳይዛነፍ ተወጋች። መርፌውን «ደመወዜ» ትለው ነበር፤ እያነከሰች ወጥታ ከአትክልት ተራ ብርቱካን ታስገዛ ነበር።

ከዚያ የጨርቅ ነጋዴው ባህረዲን ሽማግሌ ላከ። የልብ በሽተኛ ማን ያገባል? ክሊኒኩ ደግሞ ከአማቾቿ ደጅ ፊት ለፊት ነው። ጠሂራ መርፌው እስከ ሰርጉ ይቆይ አለች።

«ልቤስ እስከ ሰርጉ ይቆያል ብለሽ ነው እማዬ?» አለች ካሚላ እየሳቀች።

በአራተኛው ወር ጉሮሮዋ ታመመ። ሰርጉ አልደረሰም።

በሦስተኛው ቀን የባህረዲን እናት እትዬ ፋጢማ መጥተው ከጎኗ ተቀመጡ። ልጃቸው ከለቅሶው ቢጠፋ እንዳትቀየመው በጆሮዋ ለመኗት።

«መርፌው ቀኑ አልፎበታል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጄ ከልጅነቱ ልቡን ያመዋል። ልጅሽን እንዳትከለክሉን ብለን ደበቅናችሁ። ክሊኒክ ከደጃችን እያለ፣ እናንተ እንዳታዩን ሁለት ታክሲ ይዘን ነው የምንሄደው። ሰሞኑን ደግሞ መድኃኒቱ የለም፤ ወደ ግንባር ሄደ አሉ።»

ጠሂራ ሁለት ታክሲ ተሻግሮ ሌላ ክሊኒክ መኖሩ ትዝ ብሏት አያውቅም ነበር።

ተነሥታ ወደ ቤት ገባች። ከሙሽራ ሣጥኑ፣ ከሽቶውና ከሻሹ መሀል፣ ካሚላ ከሰርጉ በኋላ እንድትወጋቸው ገዝታ ያስቀመጠቻቸውን ሁለት የፔኒሲሊን ብልቃጦች አወጣች። ተመልሳ በእትዬ ፋጢማ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየ። እትዬ ፋጢማ ግራ ቀኙን አይተው እጃቸውን ቶሎ ጨበጡ።

ጠሂራ ሁሉም እንዲያይ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ መልሳ ከፈተቻቸው።