የአባይነህ ቦታ ግልባጭ

ወይዘሮ የሺዓለም በመጋቢት የመዝገብ ቤቱን ደጅ መጥናት ጀምራ፣ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ እዚያው ነበረች። ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ እስከ መዝገብ ቤቱ ያለውን አቀበት ስንት ጊዜ እንደወጣችው መቁጠሩን ትታዋለች። ጉልበቷ ግን አልተወውም፤ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ ያስታውሳታል።

የምትፈልገው አንድ ወረቀት ነው። ባሏ አባይነህ፣ የቤተ መንግሥት ድንኳን ተካይ የነበረው፣ በኅዳር ሞተባት። በመጋቢት ቀያሾች ሰንሰለታቸውን እየጎተቱ ወደ ሰፈሩ መጡና፣ ቦታው በማን ስም እንደተጻፈ የመዝገብ ግልባጭ ያላመጣ ሰው በአዲሱ ካርታ ስሙ አይገባም ብለው ሄዱ። ቤቱ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረችበት ነው። ሲሠራ ጭቃውን ከባሏ ጋር ረግጣለች፣ የክዳኑን ሣር በጀርባዋ ተሸክማለች። ልጅ አልወለደችም። ከዚያ ቤት በቀር የእኔ የምትለው ነገር በዚህ ዓለም የላትም።

የመሬት መዝገቡን የሚጠብቁት መሪጌታ ዓምደሚካኤል ናቸው። ከቅኔ ማሕሌት ወደ ጽሕፈት ቤት የመጡ፣ ሁልጊዜ ከቀብር የተመለሱ የሚመስሉ ሰው። የመጀመሪያው ቀን የአባይነህን ስም ስትነግራቸው ትልቁን መዝገብ አወረዱ፤ ጣታቸውን በምላሳቸው እያራሱ ገለጡ፣ ገለጡና አንድ ገጽ ላይ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው የለበሰችውን ጥቁር አዩ። መዝገቡንም ከደኑት።

"ነገ ይመለሱ፣ እመቤቴ" አሉ።

በነጋታው መዝገቡ ጠራዥ ዘንድ ሄዷል ተባለ። በሳምንቱ ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ደርሶበታል። ከዚያ የበዓል ቀን ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ መሪጌታ ራሳቸውን አሟቸው። ሌላው ባለጉዳይ ሁሉ ወረቀቱን እየተቀበለ ይወጣል፤ እሷ ትመለሳለች።

"እትዬ የሺ፣ ባዶ እጅሽን እየሄድሽ እኮ ነው" አላት ጎረቤቷ በርሄ፣ ድልድዩ አጠገብ ልብስ የሚሰፋው። "ለዚህ አገር እንግዳ ነሽ እንዴ?"

እውነቱን ነው ብላ አንድ ገንቦ ማር ተሸክማ ወጣች። መሪጌታ ማሩን እንዳዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። ለራስዎ ያድርጉት ብለው መለሱላትና፣ የሚቀመጡባትን ዱካ አንስተው ለእሷ ሰጧት። እጅ መንሻ የሚመልስ ጸሐፊ በአራዳ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። በርሄ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። ከሌላ ሰው የበለጠ ቢቀበሉ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ የሺዓለም የመሪጌታ ዱካ ላይ እየተቀመጠች መሪጌታን ስትጠላ ትውል ጀመር። ሥራ ፈት አልሆነችም ማለት ነው።

በነሐሴ ጭቃው አንሸራትቶ ጣላት። ተነሥታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ እንደዚያው ሆና ገባች። ደክሟታል። መቆጣቱም እንኳ ደክሟት ነበር።

"መሪጌታ፣ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ራሴ አነበው ነበር። ገጹ ጠፍቶ ከሆነ ጠፋ ይበሉኝና ቤቴ ልቀመጥ።"

"አልጠፋም" አሉ ወደ መሬት እያዩ። "እስቲ መጀመሪያ ሐዘንዎን ይጨርሱ።"

ሐዘኔ ምን አገባቸው ብላ ተንገብግባ ወጣች።

ኅዳር መጣ። አባይነህ በሞተ በዓመቱ ያላትን አሟጥጣ ካህናቱን አበላች፣ ጥቁሯንም አውልቃ ነጭ ለበሰች። ከዚያ በሰባተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ስትከፍት መሪጌታ ዓምደሚካኤል ቆመዋል፤ ከኋላቸው በርሄና አንድ የሰፈር ሽማግሌ፣ ሦስቱም ኩታቸውን አዘቅዝቀው። በዚያ ሰዓት በዚያ አለባበስ የሚመጣ ሰው ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ይቀመጡ" አሉ መሪጌታ። ከኩታቸው ሥር ያንን ትልቅ መዝገብ አወጡ። "ያየሁት የዛሬ ስምንት ወር፣ በመጡ በመጀመሪያው ቀን ነው። ጥቁር እንደለበሱ፣ ዘመድ አጠገብዎ ሳይኖር፣ ባለጉዳይ እየሰማ እንዴት ብዬ ላንብብልዎ? ክፉ ወሬ እንዲህ አይነገርም። ሐዘንዎ እስኪወጣ ጠበቅሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ እኔም በሰላም አልተኛሁበትም።"

አነበቡት። አባይነህ ሳይሞት በፊት፣ ከእሱ በኋላ ቦታው ከሌላ ሴት ለወለዳት ለልጁ ለምብራት እንዲሆን አስጽፏል።

የሺዓለም አላለቀሰችም። ሃያ ሁለት ዓመት መካኗ እኔ ነኝ እያለች ጠበል ለጠበል ስትንከራተት፣ እሱ ስንቅ እየቋጠረ ሲሸኛት ታያት። አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም። በቁሙ ብታገኘው የምትለው ብዙ ነበር፤ አፈር ለተጫነው ሰው ምን ይባላል?

በርሄ መዝገቡን ሳብ አድርጎ ጣቱን እያስከተለ አነበበ። የምስክሮቹን ስም ሲፈልግ ቅጠሉን ገለበጠ።

"ይቀጥላል እኮ" አለ።

"ምኑ?"

"ቃሉ። ጀርባው ላይ አለ። አላነበቡትም?"

መሪጌታ "የልጅቱ ስም ጋ ስደርስ ማንበብ አላስቻለኝም። ከደንኩት" አሉ።

በርሄ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። "ሚስቴ የሺዓለም ግን ቤቱን አብራኝ የሠራች ናትና፣ በሞትኩ ዓመት ሳይሞላ መዝገብ ቤት ቀርባ ድርሻዬ ነው ካለች፣ ቤቱ ከነግቢው ለእሷ ይጽና፤ ለልጄ የጓሮው መሬት ይበቃታል። ሳትቀርብ ዓመቱ ካለፈ ፈቅዳ ትታዋለች ማለት ነውና ሁሉም ለምብራት ይሁን።"

ሽማግሌው በጣቱ ቆጠረና እጁን ወደ ኩታው መለሰ። ዓመቱ ካለፈ ሰባት ቀኑ ነው።

"እኔ እመሰክራለሁ" አሉ መሪጌታ። "ዳኛው ፊት ቆሜ ቀርባለች እላለሁ። በየሳምንቱ ቀርባለች።"

"የቀረብኩበት ቀን ተጽፏል?"

"አልተጻፈም።"

"አንድም ቀን?"

"የሚጻፈው ጉዳዩ የታየለት ሰው ነው። ተመለስ የተባለ አይጻፍም።"

ደጅ ላይ አትክልት የጫኑ አህዮች ወደ ገበያ ሲወርዱ ተሰማ። የሺዓለም ቤቷን ዞር ብላ አየችው፣ ምሰሶውን፣ ግድግዳውን፣ እሷው የለቀለቀችውን መደብ። ከዚያ መሪጌታን አየቻቸው። እንዲያ ስትጠላቸው ከርማ፣ አሁን እንደልቧ እንዳትጠላቸው እንኳ አዝነውላት አረፉት።

"መሪጌታ፣ ያን ቀን ነግረውኝ ቢሆን አለቅስ ነበር" አለች። "አንድ ቀን ነው የማለቅሰው። በማግስቱ ተነሥቼ እመጣልዎ ነበር።"